መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ፊት

መሃድ በሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ሥራው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ካለው የከተማው ቢሮ እንደወጣ ደብዳቤውን ለአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ላቡን ጠረገ። የሚያውቀው ሰው እንዳያገኘው ሲመኝ፣ የወንድሙ ልጅ ሰገል ከባጃጅ ወርዳ ፊቱ ድቅን አለች። ሰገል ሕግ ተምራ በከተማው የሰው ሀብት ክፍል የምትሠራ ናት፤ የደብዳቤውን ወሬ ከእሱ ቀድማ ሳትሰማ አትቀርም።

«አዴር፣ በዚህ ፀሐይ ወዴት ነህ?» አለችው። ድሬ ውስጥ አጎትን «አንተ» ማለት ነውር አይደለም፤ አክብሮቱ ያለው «አዴር» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

«መጋላ፣ ኑሪ ቤት። ሴት ልጁ ሞታበት ትናንት ተቀበረች።»

«እንግዲያ አብሬህ ልድረስ።»

ደረቁን ወንዝ በእግር ሊሻገሩ ቁልቁል ወረዱ። አሸዋው መሐል ሲደርሱ መሃድ መቻል አቃተው።

«እናንተ ቢሮ ሽማግሌ ማዋረድ ጀምራችኋል። አንድ ፎቶ መስኮት ላይ ለጠፈ ተብሎ ሰው ይከሰሳል? አቦ፣ እኔ ፀሐይ ነው የከለልኩበት። መጋረጃ ስጡኝ ብዬ ሁለት ዓመት ለምኛለሁ።»

ግማሹ እውነት ነው። መሃድ የሚሠራበት የቀበሌ መስኮት ወደ ምሥራቅ ይመለከታል፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። የነዋሪነት ማረጋገጫም፣ የድሃ የነጻ ሕክምና ደብዳቤም የሚሰጠው እዚያ ነው። ምርጫው ሲቃረብ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች በአንድ ዕጩ ትልልቅ ፎቶዎች ሸፈነው፤ ከሥር ወረቀት የሚገባባት ቀዳዳ ብቻ ቀረች። ዕጩው የሚስቱ ዘመድ ነው።

«ካርቶን ጠፍቶ ነው?» አለች ሰገል ፈገግ ብላ።

መሃድ ጫማው ውስጥ የገባውን አሸዋ አራገፈ። «እሺ፣ ሰውዬውን እወደዋለሁ። ታዲያ የመንግሥት ሠራተኛ ሰው አይደለም? ደመወዝ ሲበላ አፉን ይሸጣል?»

«አይሸጥም። ድምፅህን ለፈለግከው ትሰጣለህ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ስብሰባ ብትሄድ፣ ሳሎንህ ፎቶውን ብትሰቅል ማንም አይጠይቅህም። መስኮቱ ግን ያንተ አይደለም፣ አዴር። የፓርቲ ኮፍያ አድርገህ ማኅተም ስትመታ፣ ማኅተሙ የማን እንደሆነ ለሰው ይጠፋዋል። ደግሞ በሥራ ቦታ ፓርቲ መደገፍ የሚከለክለው ደንብ ላንተም ይጠቅማል። ነገ አንዱ አለቃ መጥቶ ለእኔ ፓርቲ ቀስቅስ ቢልህ፣ አይፈቀድልኝም የምትልበት አፍ ይሰጥሃል። ከአለቃው ጋር ገብቶ ከአለቃው ጋር ተጠርጎ የወጣ ሠራተኛ ስንት አይተሃል?»

ብዙ አይቷል። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ መሃድ ሞኝ ባይሆንም የያዘውን መልቀቅ አልወደደም።

«ወላሂ፣ ሶማሌ ነው፣ ኦሮሞ ነው፣ ሐረሪ ነው፣ አማራ ነው ብዬ፣ የዚህ ፓርቲ የዚያ ፓርቲ ብዬ አላዳላሁም። ከዚያ መስኮት የመለስኩትን አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

«አንተ የመለስካቸውን መች ጠየቅኩህ? ራሳቸው የተመለሱትን ማን ቆጠራቸው?»

መሃድ ከልቡ ሳቀ። «ያልመጣ ሰው ይቆጠራል እንዴ? ይኼ የትምህርት ቤት ወግ ነው፣ ልጄ።»

የኑሪ ቤት ግቢ ውስጥ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። ኑሪ ጭነት እያወረደ የሚያድር ሰው ነው፤ በዚህ ምርጫ ደግሞ የሌላው ዕጩ ታዛቢ ሆኖ ተመዝግቧል። መሃድ ይህን ያውቃል፤ አልተቀየመውምም። ዱዓ አድርጎ አጠገቡ ተቀመጠና ምን እንዳገኛት ጠየቀው።

«ትኩሳት። ስድስት ቀን» አለ ኑሪ፣ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ። «ሆስፒታል ስናደርሳት ደንጌ የሚባል የትንኝ በሽታ ነው፣ ዘግይታችኋል አሉን።»

«ስድስት ቀን ቤት አስቀመጣችኋት?» መሃድ በእውነት አዘነ፤ ሐዘኑም ወደ ቁጣ አደላ። «ለምን እኔ ጋ አልመጣችሁም? የነጻ ሕክምናው ደብዳቤ በእኔ እጅ አልነበረም? አምስት ደቂቃ እኮ ነው።»

የመለሰችው ከበሩ ላይ የቆመችው የኑሪ ሚስት ራሕማ ናት።

«መጥቼ ነበር፣ አዴር መሃድ። ሁለት ቀን መጥቻለሁ።»

«እኔ ጋ? መቼ?»

«መስኮቱ ድረስ። ልጄን ኢድልን አዝዬ። ያ ሰውዬ መስታወቱን ሞልቶ ሲያየኝ ስሜን መጥራት ፈራሁ። ስሜን ሲጽፉ የማን ሚስት እንደሆንኩ ያውቃሉ፣ ለኑሪም መዘዝ ይሆንበታል አልኩ። በሁለተኛው ቀን ተራዬ ደርሶ ነበር፤ እጄን ቀዳዳው ላይ አድርጌ መልሼ ወሰድኩት።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ መሃድን የገደለውም ይኸው ነው። ብትሰድበው በወደደ። በሁለቱም ቀን እሱ እዚያው ነበር፣ ከእሷ አንድ ክንድ ርቀት ላይ። በእሱ በኩል የሚታየው የፎቶው ጀርባ ነው፣ ባዶ ነጭ ወረቀት። ሰገል ስትመለከተው ዓይኑን አሸሸ።

በማግሥቱ ሠራተኛው ሳይገባ መሃድ እርጥብ ጨርቅና ምላጭ ይዞ መስታወቱን ፋቀ። ሙጫው በቀላሉ አልለቀቀም፤ ሥራ መጀመሪያ ሰዓት ደርሶም እየፋቀ ነበር። በማስጠንቀቂያው ላይ ቅሬታ አላቀረበም። ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ከመቀመጡ በፊት ወደ ውጭ ይወጣና ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ይመለከታል።

ከወር በኋላ ሰገል ደንቡን ልታስረዳ ወደ ቀበሌው መጣች። አንድ ሠራተኛ እጁን አውጥቶ፣ «እኔ ደጋፊነቴን ባልደብቅም ማንንም መልሼ አላውቅም» አለ። ሰገል ልትመልስ ስትል መሃድ ተነሳ።

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር» አለ። «መስታወቴን ከፋቅሁ ወዲህ ለወራት ያላየኋቸው ሰዎች እየመጡ ነው። የአሸናፊውም የተሸናፊውም ደጋፊዎች አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፣ ማንም የማን ነህ አይባልም። ለእኔም ቀሎኛል፤ ማንም ቢሾም ማንም ቢሻር እኔ ጸሐፊ ነኝ። ፖለቲካዬን ቤቴ ትቼው እመጣለሁ፣ ማታ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። አንተ ያልመለስካቸውን ቆጥረሃል፤ ያልመጡትን ግን አታውቃቸውም። እኔ አንዷን አውቃታለሁ።»

ወደ መስኮቱ ዞሮ ተመለከተ።

«ሰባት ዓመቷ ነበር።»