የጋሽ ብሎን ያልተቋጨ ትርጉም

ዛሬ ልንሰናበታቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ከሸሚዝ ኪሳቸው ብሎን ስለማይታጣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ብሎን እያለ ሲጠራቸው የኖሩት ወንድማችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወልደው፣ በልጅነታቸው የአባታቸውን የስፌት መኪና ፈትተው መግጠም አቅቷቸው በደንብ ከተገረፉ በኋላ፣ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው ጥገናን በወጉ ተማሩ።

በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሆነው ሲሠሩ፣ አሥራ አራት ኮምፒውተሮች ኮምፒውተርን የሚያሠራውን፣ በገንዘብ የሚገዛውን አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሸከም አልቻሉም ተብለው መጋዘን ገብተው ሊጣሉ ሲሉ፣ እርሳቸው በዓለም ዙሪያ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች ተባብረው የጻፉትን፣ ማንም በነፃ ወስዶ፣ ውስጡን ከፍቶ አይቶ፣ አርሞ ለሌላው የሚያካፍለውን ሲስተም ጭነው ሁሉንም ከመጋዘን መለሷቸው።

በዚያው ኮሌጅ ከሚያስተምሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። እውነቱን ለመናገር ትዳሩ አንድ ጊዜ ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ጋሽ ብሎን ያንኑ ሲስተም በቤታቸው ኮምፒውተር ላይ ሲጭኑ፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል የሚል በባዕድ ቋንቋ የመጣውን ማስጠንቀቂያ ሳይረዱት «እሺ» ብለው፣ ባለቤታቸው ስድስት ዓመት የደከሙበትን የመማሪያ መጽሐፍ ድራሹን አጠፉት። ባለቤታቸው አንድ ወር ሙሉ አላናገሯቸውም፤ እኛም ዘመዶቻቸው አልፈረድንባቸውም።

ጋሽ ብሎን ግን ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይሳሳት ብለው ማስጠንቀቂያውን መዝገበ ቃላት እያገላበጡ በቋንቋችን ተርጉመው ለሲስተሙ ሠሪዎች ላኩ፤ ተቀባይነት ሲያገኝም ቀጣዩን፣ ከዚያም ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር እያሉ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ክፍያ ተረጎሙ። ባለቤታቸውም መጽሐፋቸውን እንደ አዲስ እየጻፉ፣ «ኧረ ሰው እንዲህ ብሎ አይናገርም!» እያሉ ያርሟቸው ጀመር፤ እርቅ የወረደውም በዚሁ ሰበብ ነው።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ሲተኙ፣ ሊጠይቃቸው የሄደ ሁሉ ስለ ሕመማቸው ሳይሆን ስለቀሩት ዐረፍተ ነገሮች ሲሰማ ከረመ። ሥራዬ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው ብለው ሲጨነቁም ባለቤታቸው፣ «የብቻህ አደረግኸው እንዴ? ክፍት የተደረገው እኮ ሌላው እንዲቀጥለው ነው» ብለው አጽናኗቸው። በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ትናንት ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውን፣ በመልክ ሳያውቋቸው ከየአገሩ የኀዘን መልእክት የላኩ የሥራ ጓደኞቻቸውንና ያልተተረጎሙ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ትተዋል። ባለቤታቸውም ሊያጽናናቸው ቤት የሚመጣ ሁሉ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ተርጉሞላቸው እንዲሄድ፣ ቢሳሳትም እርሳቸው ስለሚያርሙት እንዳይፈራ አደራ ብለዋል።

ፈጣሪ ለደከመች ነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቤታቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።