ወጡ እንዳይቀዘቅዝ

የፋሲካ ዕለት መብራት ጠፋና ምራቴ አያንቱ ዶሮ ወጡን ከሰል ምድጃ ላይ ጥዳ ጓዳ አስገባችው። የአዳማ ነፋስ አቧራ እንዳያለብሰው ብላ በሩን ዘጋች። ገበታ ስንቀርብ እንደ ልማዴ ሰው ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ መሆን ሲገባን ስምንት ነን።

"አያንቱስ?"

"ወጡን እያሞቀች ነው" አለ ልጄ እየሳቀ። "አባባ ደግሞ ሰውም ይቆጥራል።"

ሁለቴ ተጣራኋት። ተነስቼ ወደ ጓዳው ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርገው የከሰሉ ጭስ አፍኗት ምድጃው አጠገብ ተዘርራለች። ተሸክመን ግቢ አወጣናት። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ገለጠች።

"አባባ፣ በሩን ዝጉት፤ ወጡ ይቀዘቅዛል።"

"አልዘጋም" አልኳት።

ከጤና ጣቢያ ስንመለስ ወጡ ቀዝቅዞ አቧራ ለብሷል። አቧራውን ገፈን ዘጠኝ ሆነን በላነው፤ ደጋግሜ ቆጠርኩ።