የኮድቡር ሕፃናት አስተማሪ የወይዘሮ ሸዋዬ ቢያድግልኝ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የአገሬ ልጆችና እዚህ ሐርጌሳ የኮድቡር ሰፈር ጎረቤቶች፤ አስከሬናቸውን ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ሐይቅ የሚወስደው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩም የቶጎ ውጫሌ የድንበር ኬላ ሳይዘጋ ልድረስ እያለ ነው። ስለዚህ አላረዝምባችሁም። ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ቢዘገይ ታገሡኝ።

ወይዘሮ ሸዋዬ ከአባታቸው ከአቶ ቢያድግልኝ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ አራጋው በ1968 ዓ.ም. በወሎ፣ በሐይቅ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ ታናሽ ወንድማቸውን ታሪኩን ለማስተማር ሲሉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ደሴ በአንድ የሕፃናት ማገገሚያ ቤት በጽዳት ሥራ ተቀጠሩ። በዚያም ወለል ሲወለውሉ፣ አንገታቸው ያልጠና ሕፃናት እንዴት ተደግፈው እንደሚቀመጡና እንዴት እንደሚጎርሱ እያዩ፣ ያላወቁትንም እየጠየቁ ቆይተው፣ ውሎ አድሮ ከመወልወያው ይልቅ ማንኪያው እጃቸው ላይ ይበዛ ጀመር።

በ1999 ዓ.ም. ወደ ሐርጌሳ መጥተው በጋአን ሊባህ ሰፈር በአንድ ቤት ለብዙ ዓመታት በሠራተኝነት ካገለገሉ በኋላ፣ ኮድቡር ሦስት ክፍል ያለው ቤት ተከራዩ። በአንዱ እሳቸው፣ በአንዱ እኔ እፀገነት ስንገባ፣ ሦስተኛውን ጠርገው፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ቢጫ ጀሪካን ቆርጠውና ውስጡን በፍራሽ ደልድለው መቀመጫ ሠርተው፣ ለትምህርት ያልደረሱ አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን ልቀበል ነው አሉ። ማንም አልመጣም። ጎረቤቶች ሰላምታ አይነፍጓቸውም፤ እንዲህ ያለ ልጅ አለ ወይ ብለው ሲጠይቋቸው ግን የለም ይላሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ የልጅ ድምፅ እየተሰማ።

ትዳር አልያዙም። ለሚጠይቋቸው ሁሉ «ባል ምሳ ሲዘገይበት ይቆጣል፤ እኔ የማጎርሰው ልጅ ደግሞ ችኮላ አይወድም» እያሉ ያስቁ ነበር።

ልጅን በተመለከተ የማኅበራችን ሰብሳቢ አቶ አቻምየለህ፣ አባቷን ሳታነሺ አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል ብለሽ እለፊ ብለውኛል። ለስማቸው አዝነው ነው። እኔ ግን አላልፈውም። ወይዘሮ ሸዋዬ አልወለዱም። ልጃቸው የምትባለውን ሄቨንን የወለድኳት እኔ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም. ቦረማ ከተማ ስሠራ ወለድኳት። ምጡ ረዘመ፤ ስትወለድም አላለቀሰችም። አባቷ ሥራ ልፈልግ ብሎ በርበራ ወርዶ በዚያው ቀረ። እዚህ ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሥራ አግኝቼ ልጄን ሸፋፍኜ ወደ ወይዘሮ ሸዋዬ ስመጣ አንገቷ መጥናት ሲገባው ገና አልጠናም ነበር። ያላገባሁ፣ የተማርኩ፣ ቤተሰቤ በእኔ የሚኮራ ነበርኩና፣ እሳቸውም ለእኔ እፍረት ሲሉ ልጅቱን ቤት ያውሏት ነበር። የሌላውን ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ሊያወጡ የተነሡ ሰው የእኔን ከመጋረጃ ጀርባ ደበቁልኝ።

ከወራት በኋላ ግን አንድ ጠዋት ሄቨንን አዝለው ሱቅ ወጡ፤ እኔም ከኋላቸው ነበርኩ። በሱቁ የነበሩት ሴቶች የማን ልጅ ናት ሲሉ እኔ መሬት መሬቱን ሳይ፣ እሳቸው «የእኔ ናት» አሉ። አንዷ በዚህ ዕድሜሽ ብትላቸው፣ «ሣራንስ ማን ጠየቃት?» ብለው ሱቁን በሳቅ ሞሉት።

ድሬዳዋ ያደጉት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዓናብ ያን ቀን እዚያ ነበሩ፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል። በማግሥቱ ልጃቸውን አዋሌን አቅፈው መጥተው «ዋላሂ ሸዋዬ፣ አንቺ ባላፈርሽባት እኔ የኔን ልደብቅ?» አሉ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎች እናቶችም እየፈሩ እየተጎተቱ መጡ። ወይዘሮ ሸዋዬ መናገር የማይችለውን ሥዕል እያሳዩ ውኃ መጠየቅን አስተማሩት፤ መያዝ የማትችለዋን በጨርቅ በተጠቀለለ ማንኪያ መያዝን አለማመዷት፤ ልጁ ዓይኑን ወደ ማንኪያው ሳይመልስ አያጎርሱም ነበር። አዋሌ ሰባት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት ወስደውት፣ ርእሰ መምህሩ ሲያመነቱ «አንድ ቀን ይቀመጥ፤ ካስቸገረ እኔን አባሩኝ» ብለው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ዋሉ። አዋሌ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ነው።

እንግዲህ ያ ክፍል የተከፈተው እሳቸው እንደ እናቶቹ የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ናቸው ተብሎ ስለታመነ ነው። ብናገር እናቶቹ ይርቃሉ፣ ክፍሉም ይዘጋል እያልኩ ዝም አልኩ። በእፍረት የጀመርኩት ዝምታ በኋላ ይህን ምክንያት አገኘ፤ ምክንያቱ እውነት ይሁን ማምለጫ እስካሁን መለየት አልቻልኩም። እሳቸው ግን የሄቨንን አባት ስም እየጠየቀ የሚያሽሟጥጣቸውን ሁሉ አንገታቸውን ሳይደፉ ቻሉት።

ባለፈው መጋቢት ኩላሊታቸውን ታመው ተኙ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሕመሙ ሲጸናባቸው ጠርተውኝ፣ ሄቨንን እያዩ፣ «እሷ አፍ የላትም፤ አንቺም ዝም ካልሽ ማን ይናገርላታል?» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ግን አልተናገርኩም። ወንድማቸው ጋሽ ታሪኩ አስከሬናቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ትሄዳለች ሲሉ፣ ሽማግሌዎችም ሲስማሙ፣ ልብሷም ታጥፎ ሻንጣ ሲገባ ቆሜ አየሁ። ከትናንት ጀምሮ ልናገር እየተነሣሁ መልሼ ተቀመጥኩ። ሻንጣዋ አሁን መኪናው ላይ ነው።

ጋሽ ታሪኩ፣ የእህትዎ ሥጋ ናት ብለው በፍቅር እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ይቅር ብለው ሻንጣዋን ያውርዱልኝ። ወይዘሮ ዓናብ፣ እናንተም እናቶች፣ ተታለልን ብትሉ እውነታችሁን ነው። ሥራዬን ለቅቄ ሰኞ ጠዋት ክፍሉን እከፍታለሁ። የእሳቸውን ያህል አላውቅም፤ እጄም ይቸኩላል። ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር አላውቅም፤ ሄቨን ግን በቀን ብርሃን በእኔ ጀርባ ታዝላ ትመጣለች።

ወይዘሮ ሸዋዬ ወንድማቸውን አቶ ታሪኩንና ልጆቻቸውን፣ እጃቸው ላይ መጉረስና መቀመጥ የተማሩትን የኮድቡር ሕፃናት፣ ስሜን ሸፍነው የራሳቸውን ስም የሰጡልኝን እኔን ትተው አልፈዋል። ሕፃናት ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉአቸው ያለ አምላክ፣ ስንቱን ሕፃን አዝለው የመጡትን እኚህን ሴት በመንግሥቱ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍልን፤ ለወንድማቸው፣ ለጎረቤቶቻቸውና ለልጄ ለሄቨን መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።