ቅጥ የሌለው ድርሰት

«ዝናቡ ዛሬስ ማረን፣ አይደል አንቺ አናሴኒ? ካሳቫውን ብዪ እንጂ፣ ሲበርድ ድንጋይ ነው የሚሆነው።»

መምህርት ኡናይሲ ይህን ስትል ዓይኗ ጓደኛዋ ላይ አልነበረም። የመምህራን ማረፊያው መስኮት ሥር ሱሉ የሚሉትን የወንዶች ሽርጥ ያገለደመ አንድ ባልደረባቸው ሻዩን ያማስላል። ትናንት በደሴቲቱ የመምህራን የድርሰት ውድድር አንደኛ ወጥቶ ሜዳልያውን ዛሬም ከአንገቱ አላወለቀም። ኡናይሲ ድርሰቱን ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ካነበበች ወዲህ ደሟ ፈልቷል። ዕቅዱን ታውቀዋለች፤ ቶሪካ የምትባል ተማሪዋ ስትነድፈው አጠገቧ ነበረች።

«የተሸለመውን ድርሰት አነበብሽው? እኔማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዴት ያለ አደረጃጀት ነው! መጀመሪያ ጨው የገባው የውኃ ጉድጓድ፣ ቀጥሎ ባሕሩ የወሰደው መቃብር፣ መጨረሻ ‹ከመንደሬ አልነቃነቅም› ያሉት አያት... አንዱ አንዱን እየጎተተ ሲመጣ! ይህን ለማቀድ ሰው ስንት ቀን ይፈጅበታል ትያለሽ? አንዳንዱ ግን የታደለ ነው፣ ታቅዶ ይመጣለታል።

«ቶሪካዬን ታውቂያት የለ? እሷም ስለ መንደሯ ልትጽፍ አቅዳ፣ ‹እስቲ ይዩልኝ› ብላ ለአንድ አዋቂ ሰጠች። አዋቂው ‹ቅጥ የለውም፣ መግቢያው ሌላ መደምደሚያው ሌላ› አላት። ልጅት አልቅሳ የነፃ ትምህርት ውድድሩን ተወችው። ወረቀቱም በዚያው ቀረ... እንዲህ ነው እንጂ መምህር! ቅጥ የሌለው ነገር ልጅ እጅ እንዳይቀር ብሎ ራሱ ተሸክሞት ሄደ።

«ደግሞ ሱቫ ከተማ፣ ሆስፒታል ነው የተወለደው ሲሉ አልነበር? ድርሰቱ ላይ እትብቱ የተቀበረው እነ ቶሪካ መንደር፣ ኮኮናት ሥር ነው። ታዲያ ሰው ሁለት እትብት ቢኖረው ምን አለበት? ተሰጥዖ ነው! ‹ውኃ ስቀዳ ባለ ሪባኑን የዩኒፎርም ቀሚሴን ጫፍ ጨው ያዘው› የሚለው ጋ ስደርስ ግን እንባዬ መጣ። ቀሚሴ! ያገለደመውን ሱሉ ማለቱ ይሆናላ... ወገቡ ላይ ሪባን የሚታሰር ሱሉ እኔ እስካሁን አላየሁም እንጂ።»

ሻይ ማማሰያው ቀጥ አለ። አናሴኒ አንገቷን ደፍታ ሳቋን በካሳቫ አፈነችው።

«ዓርብ ወላጆች ፊት ያነበዋል አሉ። ‹የቶሪካን መንደር ሰዎች በሙሉ ጠርቼልሃለሁ› ብል ደስ አይለውም? አያትየዋም ይመጣሉ፤ እሳቸው ደግሞ ጥያቄ ሲወዱ! ልጅቷ ደብተር ላይ የቀረውን ረቂቅ፣ እኔው ቀን ጽፌ የፈረምኩበትን፣ ለዳይሬክተሩ ሰጥቻለሁ... ማወዳደር ለትምህርት ይጠቅማል ብዬ ነው። የተማሪዎቹ የነፃ ትምህርት ውድድርም እስከ ሰኞ ክፍት ነው፣ ቶሪካ እየጻፈች ነው።»

ሰውየው ብድግ አለ። ሻዩን ሳይቀምስ፣ ሜዳልያውን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ በሩ አመራ። ኡናይሲ ድምፅዋን ማር አስመሰለችው፤ በሩ ድረስ እንዲሰማ ግን ከፍ አደረገችው።

«እኔ መቼም ለሰው ክፉ አልመኝም። ሁለቱን ሴት ልጆቹን እግዚአብሔር ያሳድግለት። ለቁም ነገር ያብቃለት። ብዕር የያዙ ቀን ደግሞ ልክ እንደ አባታቸው ያለ መምህር ይግጠማቸው... አሜን በይ እንጂ፣ አንቺ!»