ኮረብታው ላይ ያስወጣን ጩኸት

ከጅማ ብዙም በማትርቅ የቡና ከተማችን፣ ወታደሮች ለወንዝ ዳር ሰፈራችን የጎርፍ ልምምድ ሊያሠሩ መጡ። መሪያቸው የሆነው ሻምበል፣ ፊሽካ ሲነፋ ሁላችንም ቤት ለቀን ኮረብታው ላይ እንድንወጣ በትሕትና አስረዳን። ተስማማን፤ መስማማት እናውቅበታለን። ፊሽካው ሲነፋ ግን እኔና ሁለት ፍየሎች ብቻ ወጣን። ሻምበሉ ሰዓቱን እያየ «ጎርፍ እኮ እንዲህ አይጠብቅም» አለ። ቡና ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት አዛውንቷ አዴ ዘይነባ «ልጄ፣ በፊሽካ የሚሮጥ ኳስ ተጫዋች ነው» አሉትና በሙሉ ድምፃቸው «ቡናው ረጠበ!» ብለው ጮኹ። እኛ ጋ ዝናብ ሲመጣ፣ ቡናው የማንም ይሁን፣ ለመሸፈን ሁሉም ይሮጣል። ማስጫው ደግሞ ኮረብታው ላይ ነው። ወገቤን ብለው የተኙት አባ ፊጣ እንኳ ሸራ ተሸክመው ሮጠው ወጡ። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«አዴ፣ ምን ነካዎት?» አሉ አባ ፊጣ እያለከለኩ።

«ቡናው ደህና ነው። እናንተን ነው ያወጣሁት።»

ሻምበሉ ፊሽካውን ኪሱ ከተተና የአዴ ዘይነባን ጩኸት ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ክረምት ላይ ወንዙ የምር ሞላ። ወታደሮቹ በድምፅ ማጉያ «ቡናው ረጠበ!» እያሉ በየመንደሩ ዞሩ። በክረምት የተሰጣ ቡና እንደሌለ ማንም ያውቃል። ውሃው ቤታችን ሲገባ ግን አንድም ሰው አላገኘም። ሁላችንም ኮረብታው ላይ ነበርን፤ ግማሾቻችን ሸራ ይዘን።