ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ

ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሕንፃችን ግቢ ውስጥ ሦስት ሰዎች አንዲት ነጭ የቤት መኪና ከበው ቆመዋል። አንደኛው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ናቸው። ሁለተኛው የመኪናዋ ባለቤት፣ የልጅነት ወዳጃቸው መድኃኒት ቀማሚው፤ ሦስተኛዋ በሙያ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና የምታስተምረው የልብስ ሰፊው የእህት ልጅ ናት።

“መጣህልኝ! አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ እስቲ ፍረድ” አሉኝ ልብስ ሰፊው። “ወዳጄ እንዳልቸገር ብሎ ሞተሩን አሙቆ ቢያመጣልኝ፣ ይቺ ልጅ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ ብላ አሳፈረችኝ። ሰውየውን እንደ ሌባ!”

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የልብስ ሰፊው ባለቤት ኩላሊታቸውን ታመው ከሰፈራችን የሚያወርደውን ረጅም ቁልቁለት እየወረዱ ሆስፒታል ይመላለሳሉ። መኪናዋ የምትገዛው ለእሳቸው ነው።

“ጋሼ፣ የሞቀ ሞተር ገበናውን ይሸፍናል” አለች ልጅቱ በትሕትና። “ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው መንኳኳቱ የሚሰማው። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። ነጩ ጭስ ከሞቀም በኋላ አልቆም ካለ ደግሞ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።”

“ጢም ሳናበቅል የተዋወቅን ሰዎች ነን እኮ!”

“እርስዎ ጨርቅ ሲገዙ ወደ ብርሃን ይዘው ገልብጠው አይደል እንዴ የሚያዩት? ባለሱቁን ሌባ ማለትዎ ነው?”

“ባለሱቁ ወዳጄ አይደለማ!”

“ብል የወዳጅን ጨርቅ ይምራል እንዴ?”

ሳቄን ዋጥኩት። ልብስ ሰፊው ግን አልሳቁም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ የገዛ ሚስታችንን ነፍስ የምናሳፍርበትን ዕቃ እንኳ ደፍረን እንዳናይ ዓይናችንን ይይዝብናል። እኔ በበኩሌ ይህ ጨዋነት ያናድደኛል፤ እንጠብቅ ብዬ ፈረድኩ።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ልጅቱ ሥራ አልፈታችም። ምንጣፉን ገልጣ እርጥበት ይኖረው እንደሆነ በእጇ ዳሰሰች። የበሮቹን ቀለም አስተያየች፤ አንዱ ከሌሎቹ ደመቅ ካለ ተጋጭታ ተቀብታ ይሆናል አለችን። ጎማዎቹ ወደ አንድ ጎን አለመበላታቸውን፣ በመኪናዋ አካል ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ከባለቤትነት ደብተሯ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን አየች። መድኃኒት ቀማሚው እጃቸውን አጣምረው፣ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ድምፁ ጥሩ ነበር። ጭስም አልነበረውም።

“አላልኳችሁም?” አሉ መድኃኒት ቀማሚው።

“ሞተሩስ ደህና ነው አባባ፤ እግዜር ይስጥልኝ” አለችና ወደ አጎቷ ዞረች። “አሁን እርስዎ ይግቡና ፍሬኑን ረግጠው ይያዙት። እንዳይለቁት።”

ልብስ ሰፊው እያጉረመረሙ ገቡ፤ ረገጡ። ጥቂት ቆይቶ ፊታቸው ተለወጠ።

“ይሄ ነገር... ከእግሬ ሥር እየወረደ ነው።”

“እስከ ወለሉ?”

“እስከ ወለሉ።”

“የፍሬኑ ዘይት የሆነ ቦታ አምልጧል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ላያስታውቅ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ግን...” አልጨረሰችውም።

ልብስ ሰፊው ወርደውላቸው መድኃኒት ቀማሚው ገብተው እሳቸውም ረገጡ፤ ከዚያ ወጥተው የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

“ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት ያደረስኩት በዚችው ነው” አሉ። “ምንም አላወቅኩም። በልጆቼ ሞት፣ ምንም!”

ልብስ ሰፊው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡና ትከሻቸውን ያዙ። “እንዳላወቅክ አውቃለሁ። እኔም አፍሬ ዝም ብዬ ብገዛት ኖሮ ሚስቴን ይዤ ገደል ነበር የምገባው፤ አንተም ዕድሜ ልክህን ጸጸት ይበላህ ነበር። ልጅቱ ያዳነችው ሁለታችንንም ነው።”

መኪናዋ ተገፍታ ጋራዥ ገባች፤ ፍሬኗ ከተሠራ በኋላም በዚያው በወዳጅነታቸው ለልብስ ሰፊው ተሸጠች። የልብስ ሰፊው ባለቤት አሁን ቁልቁለቱን ያለ ሥጋት ይወርዳሉ። መፈተሽ ሻጭን መናቅ ሳይሆን ለሻጭም ለገዢም ማሰብ እንደሆነ ለሰው ሁሉ የሚያስረዱት ዛሬ ልብስ ሰፊው ናቸው።

ያን ዕለት ግን መድኃኒት ቀማሚው ከግቢው ሳይወጡ ወደ ልጅቱ ተመለሱ።

“ልጄም መኪና አለው፤ ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ ይውላል” አሏት። “ነገ በማለዳ ቤት ድረስ መጥተሽ እይልኝ። ሞተሩን ማንም አይነካውም።”