ላሟ አልረከሰችም

ጦርነቱ አብቅቶ ነፃነት በመጣ በጥቂት ወሩ፣ በማርያም ቀን፣ ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ብዬ ለቅዳሴ ከሰፈሬ ከሓዝሓዝ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከፊቴ የገንፎ ሳህን የታቀፈች ወጣትና ነጠላ ያጣፉ አሮጊት ያወራሉ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ቅዳሴ አትመጪም?» አሉ አሮጊቷ።

«አልችልም አደይ፣ ጎረቤቴ ወልዳ አራስ ቤት ገብቻለሁ።»

«ዛሬ? በማርያም ቀን?»

«ባሏ ወታደር ነበር፤ ጦሩ ሲበተን ሄደ። ብቻዋን ወለደች። ሰዉ ሁሉ ‹አራስ ቤት የገባ ቤተ ክርስቲያን አይገባም› እያለ ደጇን አልረገጠም።»

«ሥርዓት ነዋ!»

«ማርያም ስትወልድም ጎረቤቶቿ ቅዳሴ እንዳያመልጣቸው ፈርተው ነው መሰል፣ አጠገቧ የተገኘችው ላም ብቻ ናት።»

«ዋይ! አፍሽን ያዢ!»

«ላሟ ግን አልረከሰችም፣ አደይ።»

አሮጊቷ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት።

«አሁን ማን አለላት?»

«ገንፎውን አብልቻት ሥራ እገባለሁ። ከዚያ ብቻዋን ናት።»

«የሕፃኑን ጨርቅስ ማን ያጥባል?»

«ኣይፋልን፣ ማንም የለም።»

«እንግዲህ ማርያም ትቆጣኝ። ቤቷን አሳዪኝ።»

የቤተ ክርስቲያኑ ፌርማታ ላይ እኔ ብቻ ወርጄ ገባሁ፣ አሮጊቷ ከወጣቷ ጋር አለፉ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ግን ልቤ አራሷ ዘንድ ሆኖ ከበሩ አልራቅኩም።